የኔታ የቃኙት ጎማ

በላስታ ተራሮች ላይ ብስክሌት የሚገፋ እንጂ የሚነዳ ሰው አልነበረም፤ የሚገፋውም እኔ ነበርኩ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ስለማይዝ እወርድና እጎትተዋለሁ፤ ዳገቱ ላይ ማርሽ ስለሌለው እወርድና እገፋዋለሁ። የላሊበላ ሰው "መምህር፣ ዛሬስ ማን ነው ማንን የሚወስደው?" እያለ ሲስቅብኝ አብሬ ስቄ አልፋለሁ። ውስጤ ግን ይበግን ነበር።

ብስክሌቱ የአባቴ ነው። አባቴ ደሴ ውስጥ ደብዳቤ ሲያመላልስ ኖሮ ሲሞት ለወንድሜ ሰዓቱን፣ ለእኔ ብስክሌቱን ተወልን። ጣሊያን ሲወጣ ጥሎት የሄደ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው፤ ቱቦው ቀጭን ብረት፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ቀለሙ ከመላላጡ የተነሣ ምን እንደነበር የማይታወቅ። በዕድሜ ይበልጠኛል። አባቴ "ይሄ ብረት ሐቀኛ ነው" ይል ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በደርግ ጊዜ መምህር እንደ ወታደር ነበር የሚመደበው። ወረቀት ይመጣል፤ ትሄዳለህ። እኔ ላሊበላ ተመደብኩ፣ ባለቤቴ ጋሸና። ዝውውር ሦስት ጊዜ ጠይቀን ሦስት ጊዜ "ጥያቄያችሁ በመታየት ላይ ነው" ተብለናል። ከላሊበላ ወደ ጋሸና መጀመሪያ ቆላው ድረስ ትወርዳለህ፤ ከዚያ ብርዱ ጆሮህን እስኪቆነጥጥህ ድረስ በጥርጊያው መንገድ ትወጣለህ። መኪና በዕድል ነው። ስለዚህ ወር በመጣ ቁጥር ያንን ብስክሌት እየገፋሁ ሚስቴን ልጠይቅ እሄድ ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችን በመጣበት ግንቦት የሆነውን ባልጽፈው ደስ ይለኛል። ግን ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሐሙስ ማታ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር "ባለቤትህን ምጥ ይዟታል" የሚል መልእክት አመጣልኝ። የይለፍ ወረቀቱን ከቀበሌ ያገኘሁት ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ገፋሁ፤ ሲመሽ ገበሬ ቤት አደርኩ፤ ቅዳሜ ቀትር ላይ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ልጁ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተወልዶ፣ አንድ ቀን ውሎ አድሮ፣ ቅዳሜ ማለዳ አርፏል። ቀብረውታል። ወንድ ነበር። ፊቱን አላየሁትም።

ባለቤቴ ከተኛችበት ዞር ብላ አየችኝና "መጣህ?" አለችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

በዓመቱ እንደገና አረገዘች። ኅዳር ላይ የላከችልኝ ደብዳቤ አጭር ነበር። "አሮጊቶቹ በጥር መጨረሻ ነው ይላሉ። መንገዱ እንደሆነ ያው ነው፤ አትልፋ።" እኔ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ያለ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ። አትልፋ ማለቷ መድረሴን ከናካቴው ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው። ያኔውኑ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ጻፍኩለት። ወንድሜ የአንድ ብስክሌት ክለብ መካኒክ ነበር። "የአባባን ብስክሌት ዳገት የሚያስወጣ ነገር ካለህ ላክልኝ። ልጅ ሊወለድልኝ ነው፤ ዘንድሮ መድረስ አለብኝ" አልኩት።

የላከልኝ ካርቶንና በጆንያ የተጠቀለለ የኋላ ጎማ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በጭነት መኪና መጣ። ለክለቡ ከሶሻሊስት አገር ከመጡት አዳዲስ ብስክሌቶች የተረፈ ዕቃ ነው፤ አለቃው ፈቅዶለታል። ካርቶኑን ከፈትኩት። አምስት ጥርሳም ቀለበቶች በላይ በላዩ የተደረደሩበት ማርሽ፣ ካቴናውን፣ ማለት ሰንሰለቱን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግር የታጠፈ ክንድ፣ ጎማውን ከሁለት ወገን ቆንጥጦ የሚይዝ አዲስ ፍሬን። ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚያርፍበት ክብ፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። አንሥቼ ስይዘው እንደ ሰፌድ ቀለለኝ። የሰው ልጅ ይሄን ያህል ቀላል ነገር ሠርቶ ሰው ይሸከማል ብሎ ማመኑ ራሱ ገረመኝ።

ነገር ግን ጎማው ከእህል ጆንያ ሥር ተጭኖ ነው የመጣው። ከመሀሉ ወደ ቸርኬው የተወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂ የምንላቸው፣ ገሚሶቹ ተበጥሰዋል፤ የቀሩት ረግበዋል። ወንድሜ መንገዱን ስለሚያውቅ መለዋወጫ ራጂ በእስር አድርጎ ጨምሮልኛል። ደብዳቤው ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ "ራጂዎቹን ሁሉ እኩል አጥብቃቸው፤ እኩል ካልሆኑ ጎማው ይወላገዳል" ብሏል። ጎማ ሠርቼ አላውቅም። እኩል መሆናቸውን በምን እንደማውቅም አልነገረኝም።

የተከራየሁት ቤት የአንድ መሪጌታ ነበር፤ የድንጋይ ፎቅ ቤት ነው፣ እሳቸው ላይ፣ እኔ ታች። ዜማ አስተማሪ ናቸው። ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አጭር፣ ቆፍጣና፣ ለነገር ቅርብ ሰው። አርባ ተማሪ በአንድነት ሲያዜም ከኋላ አንዱ ድምፁን ቢያዛንፍ፣ ዘወር ሳይሉ በመቋሚያቸው እሱኑ ይጠቁሙታል። ብስክሌቴን "ያቺ ከሲታ በቅሎህ" ነበር የሚሏት። ካርቶኑን ታቅፌ ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ግን የገና ሰሞን ስለነበር ቀና ብለው የሚያዩበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ደጃፉ ላይ ብስክሌቱን ገልብጬ አንገቴን ደፍቼ ሳለ መጡ።

"ምነው፣ ተጣላችሁ?" አሉ።

"አልገባም ብሎኝ ነው የኔታ። የድሮው ብረት ጠባብ ነው፣ አዲሱ ጎማ ሰፊ ነው።"

ችግሩ ይሄ ነበር፤ የቴላዮው፣ ማለት የብረት አካሉ፣ የኋላ ሹካ አዲሱን ጎማ ለማስገባት የትንሽ ጣቴን ውፍረት ያህል ይጠብባል። ወንድሜ ቀስ ብለህ ክፈተው ብሎኛል፤ ሁለት ዳዶ ያለው ረጅም ቡሎንም ልኮልኛል። መክፈቱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ አባቴ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠበት ብረት እጄ ላይ ቀጭ ብሎ መሰበሩ ነው። ደግሞ አንዱ ወገን ከሌላው በልጦ ቢከፈት ብስክሌቱ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል።

የኔታ ወደ ላይ ወጡና ጧፍ የሚሠሩበትን የጥጥ ፈትል ይዘው ወረዱ። ፈትሉን ከፊት በኩል ብስክሌቱ አንገት ላይ አሠሩት፤ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ወስደው፣ በሹካው ጫፍ አዙረው፣ በሌላው ወገን መልሰው አንገቱ ላይ አመጡት።

"አሁን ክፈት። እኔ ፈትሉን አያለሁ። መሀሉ ላይ ያለው ቱቦ ተሁለቱም ፈትል እኩል ይራቅ።"

"ይሄን ማን አስተማረዎት?"

"ገመድ ሳይዝ የጠረበ ማን አለ? መላእክቱስ ቢሆኑ በዓይን ግምት የሠሩት ይመስልሃል?" አሉና ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በአገጫቸው አመለከቱ።

ቡሎኑን በሹካው መሀል አስገብቼ ዳዶውን አዞርኩ። ብረቱ ተከፈተ፤ ስለቀው ተመልሶ ወደ ቦታው ሄደ። ጨምሬ ከፈትኩ፤ አሁንም ተመለሰ። ከኔ በፊት የተወለደ ብረት በለቀቅኩት ቁጥር ቦታውን አስታውሶ ሲመለስ ላቤ ቀዝቅዞ ወረደ። በስድስተኛው ሙከራ ጥቂት ሳይመለስ ቀረ፤ በዐሥረኛው ልኩ ላይ ቆመ። አልተሰነጠቀም። የኔታ በፈትሉ አዩት፤ ቀኙ በገብስ ፍሬ ያህል በልጦ ነበርና በእጃችን ገፍተን አስተካከልነው። ለካ አባቴ ሐቀኛ ያለው ይሄን ነው። የጠየቁትን ያህል ይሰጣል፤ ያልጠየቁትን አይሰጥም።

ቀጥሎ ጎማው። የድሮውን ጎማ እያየሁ ራጂዎቹን አንድ በአንድ ሰካኋቸው። ሠላሳ ስድስት ናቸው፣ በቀኝ ዐሥራ ስምንት፣ በግራ ዐሥራ ስምንት። እየጨበጥኩ "ይሄ ጠብቋል፣ ይሄ ላልቷል" ስል የኔታ በአውራ ጣታቸው ጥፍር አንዱን ራጂ መታ አደረጉት። ድንን አለ። ቀጥሎ ያለውን መቱ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄማ በገና ነው እኮ! ምን ትጨብጠዋለህ? ስማው እንጂ!"

የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። እኔ በቁልፉ አዞራለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው "ጨምር፣ ጨምር፣ በቃ! አለፍክ፣ መልስ" ይላሉ። ለራጂዎቹ እንደ ተማሪ ነበር የሚናገሩት። "ይሄ ያንቀላፋል"፣ "ይሄ ተወንድሞቹ በላይ ልታይ ይላል"። እኔ ልዩነቱን መስማት ካቃተኝ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ገና ሁለት ሦስቱን ይለዩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ጥፍራቸውን በራጂዎቹ ላይ ዙሪያውን ሲያስኬዱት ሠላሳ ስድስቱም አንድ ድምፅ ሰጡ። ወንድሜ እኩል ያለው ይሄን ነው አልኩ።

ጎማውን ቴላዮው ውስጥ አስገባሁትና አሽከረከርኩት። የግራውን ቱቦ እየፋቀ ቆመ።

አውጥቼ አስገባሁት። ያው ነው። ቴላዮውን በፈትል ለካሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ጎማው ራሱ ነው ከመሀል ወጥቶ ወደ ግራ የተቀመጠው። ነገ ከተራ ነው፤ ጥር እየሄደ ነው፤ ጋሸና ሚስቴ ቀን እየቆጠረች ነው። ደም ዓይኔን ጋረደው።

"የኔታ፣ ይሄ ብረት ነው! ብረት ዜማ አያውቅም! ሦስት ቀን በከንቱ አስበሉኝ!" ብዬ ጮህኩ።

የኔታ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ ደረጃውን ወጡ፤ በሩ ተዘጋ። ከተራም ጥምቀትም አለፈ፤ ታቦት ሲወጣና ሲገባ ከካህናቱ ፊት ቆመው በሩቁ አየኋቸው። ግቢ ስንገናኝ እንደ ድንጋይ አለፉኝ። በየመሀሉ ብቻዬን ሞከርኩ። አንዱን ሳጠብቅ ሌላው ይወላገዳል፤ መጨረሻ ላይ ጎማው ከመጣበት ባሰ። ያን ሰሞን የገዛ ምላሴን ቆርጬ ብጥለው አይቆጨኝም ነበር።

የቃና ዘገሊላ ማግስት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከኋላዬ መጡ። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል በክንዴ ይዘው አነሡኝ።

"ተው እንግዲህ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንተ ባለጌ ነህ፤ ያ ሌላ ነገር ነው።" ከዚያ ጠየቁኝ፦ "በገና ዕለት የት ቆመህ ሰማህን?"

"ታች የኔታ፤ ቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ።"

የላሊበላን ገና ያየ ያውቀዋል። ገሚሱ ካህን ከላይ በድንጋዩ አፋፍ ዙሪያ ይቆማል፣ ገሚሱ ከታች በተፈለፈለው ግቢ ውስጥ፤ እየተቀባበሉ ያዜማሉ።

"ተላይ ያሉትና ተታች ያሉት እኩል ተሰሙህ?"

"እኩል።"

"እኩል ግን አላሉም። ተላይ ያለውን ነፋሱ ይወስድበታል፤ ተታች ላለው ድንጋዩ ያግዘዋል። ስለዚህ ተላይ ያለውን ከፍ አርጌ አስወጣዋለሁ፣ ተታች ያለውን አለዝበዋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የማደርገው ይሄንኑ ነው። ትናንት ታቦቱን ስንሸኝ ነው ትዝ ያለኝ። አምጣው እስቲ ጎማህን።"

ጎማውን ከፊታቸው አቆሙት። "እየው፤ በቀኝ በኩል ማርሽህ ቦታውን ወስዶበታል። ራጂዎቹ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት፤ መጎተቻ ስፋት የላቸውም። ግራው ግን ተመችቶት ተንሰራፍቷል። እኔ ሞኙ ሁለቱንም በአንድ ቃና አስጮህኳቸው፤ ግራው ቸርኬውን ወደራሱ ወሰደው። ቀኙ ከፍ ይበል፣ ግራው ይለዝብ። የቀኙ ለብቻው ይስማማ፣ የግራውም ለብቻው። ያኔ መሀል ላይ ይቆማል።"

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። እኝህ ሰው በዕድሜያቸው ብስክሌት ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ወንድሜ ኋላ ይሄን ስነግረው "እኔ ይሄን የተማርኩት ሁለት ዓመት ጎማ እያበላሸሁ ነው" አለኝ።

ቀኙን ከፍ፣ ግራውን ዝቅ አድርገን ቃኘነው። በማግሥቱ ከሰዓት ጎማው ቴላዮው ውስጥ ገባ። አሽከረከርኩት። የኔታ ፈትላቸውን ከጎኑ ወጥረው ያዙ፤ ቸርኬው ፈትሉን ሳይነካ፣ ሳይርቀውም፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ማርሹ ብቻ ጭጭጭጭ ይላል። ከዚያ የኔታ "ግብር ይሁንልህ" አሉኝ፤ ለአንድ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ የሚሉትን።

ፍሬኑን፣ ማርሽ ቀያሪውንና ካቴናውን ለማሠር የቀረው ሳምንት ተበላ። የይለፍ ወረቀቴ ከጥር ሃያ ጀምሮ ያገለግል ነበር፤ የኔታ ግን "አስተርዮ ማርያም ትለፍና ትነሣለህ እንጂ በበዓሏ መንገድ አትወጣም" ብለው ያዙኝ። ሃያ ሁለት ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። አሸተን ማርያም ያለችበት ተራራ ገና ጥቁር ነበር። የኔታ ደጃፍ ቆመው በመስቀላቸው ባረኩኝ፤ ጎማውንም ጨምረው ባረኩ።

ቁልቁለቱን ተቀምጬ ወረድኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እየጎተትኩ የወረድኩትን! በሁለት ጣት ፍሬኑን ስነካው ብስክሌቱ እንደ ጨዋ ልጅ ይታዘዛል። ቆላው ላይ ኬላ ነበር። ሚሊሻው ወረቀቴን ገልብጦም አላየው፤ ዓይኑ ከኋላ ጎማው ላይ ነው።

"ይሄ የተደራረበው ምንድን ነው?"

"ማርሽ።"

"ስንት?"

"አምስት።"

"ውሸትክን ነው። የወረዳው ጂፕ እንኳ አራት ነው ያለው።"

የኋላውን አነሣሁና ፔዳሉን በእጄ እያዞርኩ ማርሹን ቀየርኩለት። ካቴናው ከትንሹ ጥርስ ወደ ትልቁ እየዘለለ ወጣ። ሚሊሻው ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደገፈና ቁጢጥ አለ። "እስቲ ድገመው" አለኝ። አራት ጊዜ አስደገመኝ፤ አራተኛውን ራሱ ነው ያዞረው።

ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ሁልጊዜ የምወርድባት አንዲት የግራር ዛፍ አለች፤ እግሬ ለመውረድ ተዘጋጅቶ ነበር። ማርሹን ወደ ትልቁ አሻገርኩት። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀለለ፤ ዛፏ በጎኔ አለፈች፤ ወደ ኋላዬ ቀረች። እየሄድኩ ነው። በዝግታ፣ አህያ ቢቀድመኝ እንኳ፣ ተቀምጬ እየወጣሁ ነው። ጤፍ የሚያበራዩ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቁመው አዩኝ። አንዱ "ኧረ በሥላሴ! ሽቅብ እኮ ነው!" ብሎ ጮኸ። እኔም ራሴን ከውጭ ሆኜ የማይ ይመስለኝ ነበር። የአባቴ የድሮ ብረት፣ የማላውቀው አገር ማርሽ፣ የየኔታ ጆሮ ከሥሬ ሆነው ወደ ሰማይ ያወጡኛል። አለቀስኩ፤ ነፋሱ ነው ብል ማንም አያምነኝም፣ ነፋስ አልነበረም። ሁለት ቦታ ብቻ ጠጠሩ አንሸራቶኝ ወርጄ ገፋሁ።

ጋሸና የገባሁት ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። የቤታችን አጥር ጋ ስደርስ ፔዳል መምታት አቆምኩ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ተቀምጠዋል። ዝም ብለዋል።

ልክ እንደ ያኔው ነው፤ ያው ሴቶች፣ ያው ነጠላ፣ ያው ዝምታ። ከብስክሌቱ መውረድ እንኳ ረሳሁ፤ ጎማው ጭጭጭጭ እያለ በራሱ ይዞኝ ገባ። አንዲት ጎረቤት ቀና ብላ አየችኝና ወደ ውስጥ ተጣራች፤ "ባለቤትሽ ነው!"

በሩ ላይ ደረስኩ። ባለቤቴ ምሰሶውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ግንባሯ በላብ ርሷል፤ ሆዷ ገና እንዳለ ነው። ዞራ አየችኝ። መጣህ አላለችኝም።

"ደረስክልኝ" አለችኝ።

አዋላጇ አሮጊት ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ ገፋችኝ፤ የወንድ ቦታ አይደለም። ደጃፉ ላይ ብስክሌቱን ገልብጬ ተቀመጥኩና ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ መታሁ፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ያን ሁሉ ድንጋይ ወጥቶ አንዱም አልረገበም። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ከውስጥ ልቅሶ ሰማሁ። ሴት ናት። ሳትታጠብ፣ ሳትጠቀለል፣ አሮጊቷ በበሩ ክፍተት ወደ እኔ ያዘችልኝ፤ ፊቷን አየሁት።